ከአማርኛ ወደ አማርኛ

ሐረር፥ ጥቅምት 20 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአባይነህ እንደሻው፥ ጅቡቲ።

የባሕሩ ዳር ሙቀት እንደምን ይዞሃል? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ሁላችንም በጤና አለን። አባባ ይበላሉ፥ ይተኛሉ፥ ቅዳሴም አይቀርባቸውም። ሰላምታው ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

በመስከረም የላክኸውን ደብዳቤ ለአባባ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን አጥራችን ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ድንበሬ ተነካ ብሎ መጮሁን ሰምተህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለህ ጽፈሃል። አባባ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው «ጅቡ በየት ገባ?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በጀጎል ግንብ ሥር ዋራባ የሚሉት ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ እንዳለ ታውቃለህ፤ ፈላና በር የሚኖር ሰው ማታ ጅብ ቢያይ አይደነቅም። አባባ ግን ሠራተኛ አስጠርተው የግቢያችንን የውኃ መውረጃ በድንጋይ አስደፈኑ። በማግስቱ ዝናብ ጣለና ውኃው እጓዳ ገባ። ውሻውም ለምን ጅቡ ሳይሄድ አልጮኸም ተብሎ እስከ ዛሬ ይገሠጻል።

አትሳቅ። ይህ ከጀመራቸው ዓመት አለፈው። አእምሯቸው ሄደ እንዳልልህ አልሄደም፤ ሶፊ ያለው መሬታችን ከማን ጋር እንደሚዋሰን ከነጉድባው ይነግሩሃል፤ የማንን ሙግት በየትኛው ዳኛ ፊት እንደረቱ አይስቱም። የጠፋባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሲናገር ከቃሉ ኋላ ያለውን ነገር አያዩትም። እንጀራ የምትጋግርልን ለተማርያም ልጇ አዲስ አበባ መሄዱን ስታወራ «ሆዴ ባባ» ብትላቸው፥ ኮሶ ጠጪ ብለው አዘዙላት። ሌላ ቀን ደግሞ «ዋሽቼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ ስትምል እጇን ይዘው «ተይ ልጄ፥ በዓይን አይቀለድም» እያሉ አለቀሱ። እኚህ እንግዲህ «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» እያሉ ያሳደጉን ባላምባራስ እንደሻው ናቸው። ሲሟገቱ ለመስማት ሰው ከገጠር የሚመጣላቸው፥ ውኃ ሲጠማቸው እንኳ ዙሪያውን ዞረው የሚለምኑት አባታችን።

አሁን የቸገረኝን ስማ። ልጄን ሰገነትን የአቶ ለገሠ ልጅ ዘውዴ ሊያገባት ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጁን ታውቀዋለህ፤ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሎቹ የሚመጡት ከቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ መልስ የሚሰጡት አባባ ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ ቀጥ ብሎ እንደማይናገር ታውቃለህ። አባባ አንዱን ቃል እንደ ጅቡ ከሰሙት የልጄ ነገር አበቃለት። ስለዚህ ወይ መጥተህ አጠገባቸው ተቀመጥ፥ ወይ መልሱን ሌላ ሰው ይስጥልኝ ብለው እንዲፈቅዱ ጻፍላቸው። ስትጽፍም ቀጥ አድርገህ ጻፍ። እባክህ።

እኅትህ በለጡ


ጅቡቲ፥ ኅዳር 15 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ በለጡ።

የአባታችን ጥላ ከላይሽ፥ የልጅሽ ደስታ ከፊትሽ አይራቅ እያልኩ እጅ እነሣለሁ። እኔ በቸርነቱ ደኅና ነኝ። ሥራዬም እንደ ወትሮው ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስት ጊዜም አልዋጥልህ አለኝ። በአፋቸው ዳኛ ያስደነገጡ ሰው ተረት አልገባቸውም ብለሽ ማን ይመንሽ? አንበሳ ቢያረጅ የዝንብ መጫወቻ ሆነ ይሉ የለ፤ እናንተ ናችሁ ዝንቡ። እሳቸው ሲቀልዱ እናንተ ቁም ነገር አደረጋችሁት እንጂ፥ ጅቡንም ሆን ብለው ነው ያሉት። ያ ቀዳዳ የተደፈነው ጎረቤታችንን ለመውጋት መሆኑን አላሰብሽበትም?

ከአባቴ መልስ ነጥቄ ለሌላ አልሰጥም። ነውር ነው። አንቺም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ ተጠንቀቂ። እኔ ለመምጣት ሥራ አይለቀኝም፤ አስተርጓሚ የሌለው የንግድ ቤት አፍ የሌለው ሰው ነው። ይልቅስ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናልና መነጽር ልኬላቸዋለሁ።

ይህችን ቃል ለአባባ አንብቢላቸው፦ «ስለ እኔ አያስቡ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፥ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ። ሁሉም በጊዜው ይሆናል።»

ወንድምሽ አባይነህ


ሐረር፥ ታኅሣሥ 3 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባይነህ።

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰላም ለእኛ ግን የለም፤ አንተ አጥፍተኸዋል።

ቀጥ አድርገህ ጻፍ አላልኩህም? ያን ቃል አነበብኩላቸው። እኔም ጅል ነኝ፤ ልዝለለው ብዬ አስቤ ነበር፥ ግን ልጅ ለአባቱ የላከው ቃል አይዘለልም ብዬ አነበብኩት። አባባ መነጽሩን አወለቁ። «ልጄን ይጭኑታል?» አሉ። ተረት ነው አባባ አልኳቸው። «ማን ነው የሚጭነው?» ማንም አይጭነውም፥ በሰው አገር ስላለ ሰው እንዲህ ይባላል አልኩ። «ካልጫኑት ለምን ይጭኑኛል አለ? ልጄ ውሸታም አይደለም።» ምን ልበላቸው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባባ ሞኝ አይደሉም፥ ወረቀቱ ግን ያንተ ነው።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ቀርቦ ጉርሻ ሲያነሡ «ልጄ በልቶ ይሆን፥ ወይስ ጭነት ላይ ነው?» ይላሉ። ልጓሙ ከንፈሩን ይቆርጠው ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ልጓም! ጨጓራዬን ልጠኸዋል፤ ይህንንም እሳቸው ፊት ማለት አልችልም፥ ሐኪም ያስጠሩልኛል። አንድ ቀን ሙሉ ቀጥ ያለ ቃል ብቻ ልናገር ብዬ ሞከርኩ። እስከ ቀትር ድረስ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ ግማሹ አማርኛዬ ከቃሉ ውጭ ነው። አንጀቴ ተቃጠለ፥ ልቤ ወለቀ፥ እግሬ እስኪቀጥን ሄድኩ፤ ይህን ሁሉ ብትወስድብኝ የምናገረው የእህልና የውኃ ነገር ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ከእሳቸው ጋር ሳይጣላ የሚያወራ አንድ ሰው ነው ያለው፤ ጀጎል ውስጥ መጽሐፍ በቆዳ የሚደጉሰው ዐብዱረዛቅ። ታስታውሰዋለህ። በቤቱ የራሱን ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ ይኸው ስንት ዓመት አባባን «አንተ» ይላቸዋል። ተረት የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ድሮ አባባ «የዐብዱረዛቅ አማርኛ ጨው የለውም» እያሉ ያበሽቁት ነበር። ዛሬ ደግሞ የሚጠብቁት እሱን ብቻ ነው። ይመጣል፥ «ባላምባራስ፥ ዛሬ ብርድ ነው፥ ጋቢ ልበስ» ይላል፤ እሳቸው ጋቢ ይለብሳሉ። «በግ ተወደደ» ይላል፤ ስለ በግ ያወራሉ። ሲሄድ «ዛሬ ጥሩ ተጫወትን» ይሉኛል። ዕድሜ ጥርስ ሲያረግፍ ሰው ቆሎውን ትቶ እንጀራውን ይበላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ሽማግሎቹ ሲመጡ እሱን አጠገባቸው ላስቀምጠው አስቤያለሁ።

አባባ የላኩልህ ጥያቄ ይኸውና፥ ቃል በቃል፦ «አባይነህ፥ ይጭኑሃል ወይስ አይጭኑህም?» አዎ ወይም አይደለም በል። ሌላ ቃል አትጨምር።

በለጡ


ጅቡቲ፥ ታኅሣሥ 28 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእትዬ በለጡ።

የጌታችን ልደት በሰላም ያድርሳችሁ፥ ያድርሰን። እኔ ደኅና ነኝ።

ለሰገነት የሚሆን ጥሩ ነጭ ሻሽ በነጋዴ እጅ ልኬያለሁ፤ ሲደርስ አስታውቂኝ። ዐብዱረዛቅን በክርስቲያን የሽምግልና ጉዳይ ላይ አስቀምጠዋለሁ ማለትሽ ግን አስደንግጦኛል። ሰውየው ደግ ነው፥ አልነቀፍኩትም። ግን እንግዳ ሲሉት ባለቤት የሚባለው ይኸ አይደለም ወይ? አገር ምን ይላል? «ባላምባራስ እንደሻው አማርኛ የሚነግራቸው እስላም ቀጠሩ» ቢባል አባባ እንዴት ቀና ብለው ይሄዳሉ? ይቅርብሽ፥ ታናሽ ነኝ ብዬ ሳልፈራ እከለክልሻለሁ።

ዝናቡ እንዴት ነው? ቡናው ዘንድሮ እንዴት ይዟል? የጎረቤታችንስ ክርክር?

አባባን ጉልበት ስሚልኝ።

አባይነህ


ሐረር፥ ጥር 16 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባይነህ።

ዝናቡ ደኅና ነው። ቡናው ደኅና ነው። ሻሹ ደርሷል፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሁሉም ጠየቅህ፥ የተጠየቅኸውን ግን አልመለስክም። እኔ ዓይን አለኝ፤ አይቼዋለሁ።

ሽማግሎቹ መጡ። ቃልህን አክብሬ ዐብዱረዛቅን አልጠራሁትም። እሱ ግን እንደ ልማዱ በጧቱ መጥቶ አባባ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ልሸኘው ብል አባባ ክንዱን ይዘው «የት ይሄዳል?» አሉ። ተውኩት። ሰገነት ጓዳ ሆና በመጋረጃው ታያለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

አራት ናቸው። መሪያቸው አቶ ኪዳነወልድ ነው፤ ሙግት ከአባባ የተማረው፥ ከእሳቸው ቀጥሎ አንደበተኛ የሚባለው። ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ አቶ ኪዳነወልድ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ። አባባ አዩትና «ደግ፥ ቁሙ» አሉ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አቶ ኪዳነወልድ ጉሮሮውን ጠርጎ «ባላምባራስ፥ ከደጅዎ የበቀለች ለምለም ተክል አይተን፥ ወደ እኛ ማሳ ልናዛውራት ፈቃድዎን ለመለመን መጣን» አለ። አባባ አሰቡ። ከልባቸው ነው ያሰቡት፤ ግንባራቸው ሲቋጠር አየሁት። ከዚያ «በደጄ ተክል የለም። አንዲት እንዶድ ነበረች፥ እሷንም በክረምት አስቆርጫታለሁ» አሉ።

አሁን የሆነውን ስማ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የባላምባራስ እንደሻውን ቃል ሲፈቱ የኖሩ ናቸው። አባባ አንድ ነገር ተናግረው ያንኑ ነገር ብቻ ማለታቸው ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አንድም የለም። ወደ ጥግ ሄደው ተንሾካሾኩ፤ እኔ ሁሉንም እሰማለሁ። አንዱ «አስቆርጫለሁ ማለታቸው፥ ነገሩን ቆርጬዋለሁ ነው» አለ። ሁለተኛው «እንዶድ ያሉትስ? ታጥባችሁ ኑ ማለታቸው አይደለም?» አለ። ሦስተኛው «ቁሙ ያሉን ጊዜ ነው የገባኝ፥ ንቀውናል» አለ። አቶ ኪዳነወልድ ፊቱ ጠቁሮ «እንዲህ ያለ ስድብ ከእሳቸው ብቻ ነው የሚገኝ» ብሎ ነጠላውን አጣፋና ወደ በሩ ዞረ። መጋረጃው ውስጥ ሰገነት ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።

ያን ጊዜ ዐብዱረዛቅ ተነሣ። ተቆጥቶ ነበር። «ወላሂ እኔ ምንም አልገባኝም! እንዶድ የለም፥ እኔ አውቃለሁ፥ ሲቆረጥ ነበርኩ። ምንድነው ተክል ተክል?» አለና ወደ አባባ ዞሮ «ባላምባራስ፥ እነዚህ ሰዎች ሰገነት የዘውዴ ሚስት እንድትሆን ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው የመጡት። ትሰጣለህ?» አላቸው።

የአባባ ፊት በራ። «ለሰገነት ነው? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ። አራቱ ሽማግሎች በር ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ።

አባባ ሰገነትን ጠሩና ሰው ሁሉ ፊት «ዘውዴን ትወጂዋለሽ?» አሏት። እንዲህ ያለ ነገር በወጋችን ታይቶ አያውቅም። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ «አዎ» አለች። ወደ አቶ ኪዳነወልድ ዞረው «ልጁ ሚስት ይመታል?» አሉ። አቶ ኪዳነወልድ «ባላምባራስ፥ እግርና እግር እንኳ ይጋጫል...» ብሎ ሲጀምር ዐብዱረዛቅ እጁን አነሣ፤ «ይመታል? አይመታም?» አለው። አቶ ኪዳነወልድን ላብ አጠመቀው። «አይመታም» አለ። «ቢመታትስ?» አሉ አባባ። አቶ ኪዳነወልድ በቀስታ «ቢመታት እኔ ራሴ ሄጄ፥ እጇን ይዤ፥ እዚህ ቤት አመጣታለሁ» አለ። አባባ «እንግዲያው ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ፥ እግራችሁ ይደክማል» አሉ።

ወንድሜ፥ እኔ ስዳር አባባ ከሽማግሎቹ ጋር እስኪመሽ በምሳሌ ሲመላለሱ ዋሉ፤ አገር ያወራለት ሽምግልና ነበር። ይመታል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፥ ያገኘሁትን አንተ ታውቃለህ። ያን ቀን ልጄ ያገኘችውን ጥያቄ እኔ ባለማግኘቴ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በአባባም፥ በምሳሌያቸውም፥ በራሴም ተናደድኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባባ «የአባይነህስ መልስ?» አሉኝ። አንተ የፈረንጅን አፍ ታስተረጉማለህ። ዐብዱረዛቅ ከአማርኛ ወደ አማርኛ አስተረጎመ፥ የልጄም ቤት በዚያ ቆመ። አንተም አንዲት ቃል አስተርጉም። አስተርጓሚ የሆነ ሰው ለአንድ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይህን ያህል መዞሩ እኔንም ማሳሰብ ጀምሯል።

በለጡ


ጅቡቲ፥ መጋቢት 9 ቀን 1918 ዓ.ም.

ለአባቴ ለባላምባራስ እንደሻው። በለጡ ታነብልዎታለች።

አባባ፥ እንደምን አሉ?

አዎ፥ ይጭኑኛል።

አስተርጓሚ የነበርኩበት የንግድ ቤት አለቃ ባለፈው ክረምት ወደ አገሩ ተመለሰ። አዲሱ አለቃ የራሱን አስተርጓሚ ይዞ መጣና እኔን አሰናበተኝ። ሌላ ሥራ ፈለግሁ፥ አላገኘሁም። አሁን ወደብ ላይ ተሸካሚ ነኝ። የምሸከመው የቡና ጆንያ ነው። ቡናው ከሐረር የሚመጣ ነው። ከባቡር አውርጄ እስከ ጀልባው ድረስ እሸከማለሁ። ቀኝ ትከሻዬ ቆስሏል። ምግብ በልቼ ነው የማድረው።

ልጓም ማንም አላገባብኝም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው። የባላምባራስ እንደሻው ልጅ ተሸካሚ ሆነ ሲባል እርስዎ እንዲሰሙ አልፈለግሁም።

አባባ፥ ናፍቀውኛል። ቤቴ መምጣት እፈልጋለሁ። ልምጣ?

ልጅዎ አባይነህ

እትዬ፥ ይህችን ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። ተረቱ እየቀደመ አስቸገረኝ።


ሐረር፥ መጋቢት 20 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአባይነህ።

ተናድጄብሃለሁ። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፥ ስትመጣም እነግርሃለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጆንያ እየተሸከምክ ሥራዬ እንደ ወትሮው ነው ትለኛለህ። መነጽር የላክኸው ከምን ላይ ቆርጠህ እንደሆነ ሳስብ እንደገና እናደዳለሁ።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። አላለቀሱም። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይጮህ ነበር፥ ወይ ደረቱን ይደቃ ነበር። እሳቸው «ተናግሬ አልነበረም፥ ልጄ አይዋሽም» አሉኝ። ከዚያ ጆንያው በሚዛን ስንት ፈረሱላ እንደሚሆን ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። ዐብዱረዛቅ ያውቅ ነበርና ነገራቸው። አባባ እጃቸውን በቀኝ ትከሻቸው ላይ አደረጉ፥ እስኪመሽም ከዚያ አላነሡትም። ያን ጊዜ እኔ አለቀስኩ።

ለጥያቄህ መልሳቸው ይኸውና፥ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፦ «ና። ዕቃህን አንተ አትሸከም።»

ለቁስልህ የሚቀባ ለጋ ቅቤ ራሳቸው ገበያ ወርደው ገዝተው አስቀምጠዋል። በጾም ቅቤ የሚገዛ ሽማግሌ አይቶ ገበያው ሁሉ ምን ማለታቸው ይሆን ብሎ ሲፈታ ዋለ አሉኝ። ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ነው፤ ትደርሳለህ።

ዘውዴ የአባባን በቅሎ ይዞ ድሬዳዋ ወርዷል። ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሲነሣ አባባ ኮርቻውን በእጃቸው አጥብቀው «ባዶዋን እንዳትመልሳት» አሉት። አባባ ደግሞ አሁን ሲናገሩ ቃሉን እንዳለ ማለታቸው ነው።

እኅትህ በለጡ